ያልታወጀው አድማ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ልማድ አመጣሁ። በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አስምሬ፣ መምህር የገቡበትንና ያልገቡበትን ክፍለ ጊዜ እቈጥር ጀመር። ትምህርቱ ባለሦስት ክሬዲት ነውና በ16 ሳምንት ውስጥ 48 ሰዓት መማር ነበረብን። ሴሚስተሩ ሲዘጋ የተማርነውን ስደምር 21 ሰዓት ሆነ። 27ቱ ሰዓት የት ገባ? አድማ አልነበረም፤ ሰልፍ አልነበረም፤ በሬዲዮ የተነገረ ነገር አልነበረም። በክፍሉ በር ላይ በእስክሪብቶ «የዛሬው ትምህርት ተላልፏል» የምትል ቍራጭ ወረቀት ተለጥፋ እናገኛለን፤ አንዳንድ ቀንማ እርስዋም አትገኝም፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቀን እንበተናለን።

የመምህራችንን ስም አላነሣም፤ የትምህርት ክፍሉንም አልጠራም። እንዲህ ያለ መምህር በያንዳንዳችሁ ክፍል አለና አንዱን ለይቶ ማሳጣት ግፍ ይሆናል። ክፉ ሰውም አይደሉም፤ በገቡበት ቀን የሚያስተምሩት ትምህርት ጥሩ ነው። አንድ ማታ በታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። በብብታቸው የፈተና ወረቀት ይዘው ስላየሁ፣ «እሰይ፣ የኛ ታረመ ማለት ነው» ብዬ ደስ አለኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው የሌላ ኮሌጅ ማኅተም አለበት። እሳቸውም ዐይኔን ተከትለው ወረቀቱን አዩትና «ልጄ፣ የቤት ኪራይ ጨመሩብን» አሉኝ። እኔ ገና ምንም አልጠየቅሁም ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች፣ ክቡራን መምህሮቻችን! በዚህ ጽሑፍ ልከራከር የተነሣሁት ካንድ አሮጌ አባባል ጋር ነው። የዩኒቨርስቲ መምህራን የደመወዝ ጥያቄ ባነሡ ቍጥር ከበላይ የሚመጣው መልስ «ተማሪው እንዳይጎዳ!» የሚል ነው። ስለ ተማሪው መኝታ፣ ስለ ተማሪው ወጥ፣ ስለ ላቦራቶሪው ባዶ መደርደሪያ ዓመቱን ሙሉ ያልተናገረ አንደበት፣ መምህር «ደመወዜ አልበቃኝም» ያለ ዕለት ብቻ የተማሪ አባት ይሆናል። እኛም ይህን ስንሰማ እውነት እየመሰለን አብረን እናጨበጭባለን። እኔ ግን ተማሪው ዛሬም ተጎድቷል እላለሁ። አድማው ከገባ ቈይቷል። ያልታወጀ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይታወቅ አድማ ነው፤ ከታወጀውም አድማ ይልቅ ብዙ የሚያስከፍለን ይኸኛው ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። እንግዲህ አንድ መምህር በወር 12,000 ብር ያገኝ ነበር እንበል፤ ቍጥሩን የወሰድሁት ለምሳሌ ያህል ነው። 210 ዶላር የነበረው ወደ 100 ዶላር ወረደ ማለት ነው። «መምህር ሽሮ የሚገዛው በዶላር ነውን?» የሚለኝ እንዳለ ዐውቃለሁ። ሽሮውን በብር ይገዛል፤ ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ ነዳጁ፣ ኮምፒዩተሩና መጽሐፉ ግን ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ይህ ጭማሪ አይደለም አልልም፤ ከመቶ 66 ያህል ነው። ነገር ግን ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሲሄድ ደመወዙ እጥፍ ካልሞላ፣ መምህሩ ሮጠ እንጂ አልደረሰበትም።

ሰው ገቢው ሳይበቃው ሲቀር ምን ያደርጋል? ነጋዴ ዋጋ ይጨምራል። ባለታክሲ ታሪፍ ይጨመርልኝ ይላል፤ ካልተጨመረለትም ሰው ደርቦ ይጭናል። መምህር የሚሸጠው ጊዜውን ብቻ ነውና ያንኑ ጊዜ ሁለትና ሦስት ቦታ ይሸጠዋል። ጧት እኛ ዘንድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በግል ኮሌጅ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ በኤክስቴንሽን ነው፤ ሌሊት ደግሞ ለድርጅት ጥናት ይጽፋል። ከግል ኮሌጁ ቢቀር የዚያ ሰዓት ክፍያ ይቀርበታል፤ ከእኛ ዘንድ ቢቀር ግን የወር ደመወዙ አይነካም። ስለዚህ የሚቀረው ከእኛ ነው። ይህን የጠባይ ጉድለት ነው ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ እኔ ግን የሒሳብ ውጤት ነው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአምስት ዓመት በፊት የተዘጋጀ ሃንድአውት «ፎቶ ኮፒ ቤት አለላችሁ» ይባላል። የቤት ሥራ በቡድን ይሰጣል፤ ሁለቱ ሠርተውት ዐሥሩ ስማቸውን ይጽፉበታል፤ ዐሥር ወረቀት ከማረም አንድ ወረቀት ማረም ይቀላልና። የመመረቂያ ጽሑፉን አማካሪ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ደጅ የጠና ጓደኛ አለኝ። በመጨረሻ ያገኛቸው ልቅሶ ቤት ነው፤ ምዕራፍ ሁለትንም ያወያዩት እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ እንዳለ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና የሚባለው መጣ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ያንን ሳያልፍ አይመረቅም። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ፈተናው የሚጠይቀው 48ቱን ሰዓት ነው፤ እኛ የተማርነው 21ዱን ነው። የወደቀው ተማሪ በስሙ ይመዘገባል፤ የቀረው 27 ሰዓት ግን በማንም ስም አይመዘገብም።

የታወጀው አድማስ? ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርስቲ መምህራን የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸውን ይዘው ሥራ አቆሙ። የትምህርት ሚኒስቴር አድማው ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱም አስጠነቀቀ። ብዙ ሳይቈይ ትምህርቱ ቀጠለ፤ ጥያቄው ግን ባለበት ቀረ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ ከማስጠንቀቂያው አልፎ እስር ተከተለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ተማሪው የሚሰማው ወሬ ብቻ ነው። ነገ ትምህርት አለ ወይስ የለም? አገር ቤት ልሂድ ወይስ ልቈይ? የአውቶቡሱን ገንዘብ ልክፈል ወይስ ልጠብቅ? ማታ በቴሌግራም የመጣው ወሬ ጧት በቴሌግራም ይሻራል።

እዚህ ላይ ወደ ሕጉ ልግባ፤ የሕግ ተማሪዎች ይታገሡኝ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች እንዲደራጁ፣ ሥራ እስከ ማቆም ድረስም ቅሬታቸውን እንዲያሰሙ ይፈቅዳል። የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም በዚሁ አንቀጽ ተጠቅሰዋል፤ እነማን እንደ ሆኑ ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ያልፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የአድማን ሥርዐት በዝርዝር ደንግጓል፤ አድማ የሚጠራው ወገን ምክንያቱን ገልጦ ከዐሥር ቀን በፊት እንዲያስታውቅም ያዝዛል። ነገር ግን ይህ አዋጅ በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን የመንግሥት ሠራተኞች አይመለከትም። የዩኒቨርስቲ መምህር እንግዲህ ቤቱ አለህ ተብሎ ቍልፉን እንደ ተከለከለ ሰው ሆኖ ቆሟል።

ይህ የመምህራን ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን ከመምህሩ ይልቅ ተማሪውን ይነካል። ሕጋዊ መንገድ ያለው አድማ ቀን አለው። አስቀድሞ ይነገራል፤ የሚደራደሩት ሰዎች ይታወቃሉ፤ በመካከል የሚገባ አስታራቂ አለው፤ ተማሪውም ዐሥር ቀን ካለው መጽሐፉን ሰብስቦ የሚያነብበትን ወይም ወደ ቤተ ሰቡ የሚሄድበትን ይወስናል። ሕጋዊ መንገድ የሌለው አድማ ግን እንደ ደራሽ ውሃ በሌሊት ይመጣል። ሚኒስቴሩ «ከሕገ ወጥ ጋር አልደራደርም» ይላል፤ መምህሩ «ስሜን ካወጣሁ እባረራለሁ» ብሎ ይሸሸጋል፤ ተሸሽጎ ማደም ደግሞ መልሶ ወደዚያው በር ላይ ወዳለችው ቍራጭ ወረቀት ያደርሰናል። አድማን የከለከለ ሰው አድማን አላጠፋም፤ ከአዳራሽ አስወጥቶ ጓዳ አስገባው እንጂ።

የሰው አገር ምሳሌ ማየት አይከፋም፤ አንዳንዶቹ ያስተምራሉ፤ አንዳንዶቹ ያስፈራሉ። በእንግሊዝ አገር ከፌብሩዋሪ 22 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ60 በላይ በሆኑ ዩኒቨርስቲዎች የሚያስተምሩ መምህራን፣ የጡረታ ደንባችን ሊበላሽብን ነው ብለው በአራት ሳምንት ውስጥ ለ14 ቀናት ሥራ አቆሙ። የትኞቹ ቀናት እንደ ሆኑ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ከተማሪው አንዱ ወገን ከመምህሮቹ ጋር በዩኒቨርስቲው በር ላይ ቆመ፤ በአንዳንድ ቦታም የአስተዳደሩን ሕንፃ ይዞ ተቀመጠ። ሌላው ወገን ደግሞ «ያልተማርሁበት ገንዘብ ይመለስልኝ» አለ፤ በዓመት እስከ 9,250 ፓውንድ ይከፍል የነበረ ተማሪ ነውና አልፈርድበትም። የዚያን ጊዜው አሳብ ቀረ፤ ክርክሩ ግን አልቀረም፤ በ2022 ጡረታው ተቈርጦ በ2024 ተመለሰ።

እነዚሁ መምህራን በ2023 ሌላ መሣሪያ አነሡ። ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር በ145 ዩኒቨርስቲዎች ፈተና አናርምም፤ ውጤት አንሰጥም አሉ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ጋውናቸውን ለብሰው፣ ወላጆቻቸውን አስከትለው፣ ውጤታቸውን ሳያውቁ የተመረቁበት ቦታ ብዙ ነው። መምህራኑም በብዙ ዩኒቨርስቲ ከደመወዛቸው ግማሹ፣ በአንዳንዱም ሙሉው ተቈረጠባቸው፤ የደመወዝ ጥያቄያቸው ሳይመለስም አድማው ተነሣ። የ14ቱን ቀን አድማ እኔ እደግፈዋለሁ፤ የወረቀቱን አድማ አልደግፈውም። በመጀመሪያው መምህሩ ከራሱ ሥራና ከራሱ ደመወዝ ከፍሎ ተከራከረ። በሁለተኛው ግን ተማሪው አንድ ጊዜ የሠራውን፣ ላቡ የደረቀበትን ወረቀት መያዣ አደረገው።

ወደ አፍሪካችን ስንመለስ ናይጄሪያ አለች። የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎቿ መምህራን በ2020 ዘጠኝ ወር ያህል፣ በ2022 ደግሞ ከፌብሩዋሪ 14 እስከ ኦክቶበር 14 ስምንት ወር ሥራ አቆሙ። የክርክሩ ሥር በ2009 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ጋር የተፈረመ ስምምነት ነው፤ ተፈርሞ በሚገባ ሳይፈጸም ከዐሥር ዓመት በላይ ኖረ። መንግሥት «ላልሠሩበት አልከፍልም» አለ፤ ጉዳዩንም ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። ተማሪዎቹ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ በሴፕቴምበር 2022 ወደ ሌጎስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደውን መንገድ ዘጉ። የናይጄሪያ ነገር ሲነሣ «አያችሁ የአድማን ጕዳት!» የሚሉ አሉ። እኔ የማየው የማይጠበቅ ፊርማን ጕዳት ነው። ዩጋንዳ ውስጥ ደግሞ በማኬሬሬ ዩኒቨርስቲ መምህራን ያልተከፈለን ገንዘብ አለ ብለው ሥራ ቢያቆሙ፣ ፕሬዚዳንቱ በኖቬምበር 2016 ዩኒቨርስቲውን ራሱን ዘጉት፤ እስከ ተከታዩ ዓመት መጀመሪያም አልተከፈተም። የተማሪውን ትምህርት ለማዳን ተብሎ የተማሪው መኝታ ተቈለፈ።

የራሳችንም ታሪክ አለን። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ሥራ ማቆም ጀመረ። እነዚያ በአብዛኛው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ፤ ከእኛ ጉዳይ ጋር አንድ ናቸው አልልም። ነገር ግን የደመወዛቸውን ጥያቄ ብቻውን አላቆሙትም፤ «ሴክተር ሪቪው» ከተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ጋር አጣመሩት። ያ ዕቅድ አብዛኛውን የድኻ ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት ያስቀራል ተብሎ ተፈርቶ ነበርና፣ መምህሩ ስለ ኪሱ ሲናገር ወላጁ ስለ ልጁ ሰማው፤ ተማሪውም አብሮ ወጣ። ጥቂት ቀናት ሳያልፉ መንግሥት ዕቅዱን ለጊዜው ማቆየቱን አስታወቀ። ዛሬ ግን የመምህራን ጥያቄ በየአዳራሹ ሲነበብ ስሰማ የእኛ ነገር የለበትም። የቤት አበል አለ፤ የደረጃ ዕድገት አለ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ፤ ሁሉም ተገቢ ነው። አንድ መምህር ስንት ተማሪ ያስተምር፣ ስንት ጽሑፍ ያማክር፣ ወረቀት በስንት ቀን አርሞ ይመልስ የሚለው ግን አልተጻፈም። ባልተጠራንበት ድግስ ዕቃ እንድናጥብ ነው የሚፈለገው።

ስለዚህ ክቡራን መምህሮቻችን፣ በድፍረት ልናገርና ይቅርታችሁን ልጠይቅ። ያልታወጀው አድማ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለእናንተም አልጠቀመም። ማክሰኞ ስትቀሩ ሚኒስቴሩ አያውቅም፤ የገንዘብ ባለ ሥልጣንም እንቅልፍ አላጣም። የቀራችሁበትን የሚያውቁት በሩ ላይ የቆሙት ስልሳ ልጆች ብቻ ናቸው። አድማ ማለት ጫናን ወደ ላይ መላክ ከሆነ፣ ይህ ጫናውን በሙሉ ወደ ታች የሚልክ ነው፤ ከላይ ያሉትም «መምህራን በሰላም እያስተማሩ ነው» ብለው ሪፖርት ይጽፉበታል። ደመወዙ ካልበቃችሁ፣ እንዳልበቃችሁም እናውቃለን፣ በአደባባይ ተናገሩ፤ ቀን ቍረጡ፤ ስታቆሙ አቁሙ፤ ስታስተምሩ አስተምሩ። የፈተና ወረቀታችንን ግን አትያዙብን።

በእኛም በተማሪዎቹ ላይ የምለው አለኝ። «ትምህርት ተላልፏል» የሚለውን ወረቀት አይቶ እልል ብሎ ወደ ዶርም የሚሮጠው ማን ነው? ፈተና ሲደርስ «ያልተማርነው አይውጣብን» ብሎ የሚለምነውስ? በሴሚስተሩ መጨረሻ የመምህራን መገምገሚያ ቅጽ ሲሰጠን፣ አንድም ውጤት ይቈረጥብናል ብለን በመፍራት አንድም በስንፍና፣ ከላይ እስከ ታች «እጅግ በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርገን የምንመልሰው እኛው ነን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ያን 21 ሰዓት ላስተማሩን መምህር «ሰዓት ያከብራሉ» በሚለው ፊት አምስት ቍጥር ሰጥቻለሁ። ዲኑ ያንን ቅጽ ደምሮ ለበላይ ሲያቀርብ ሐሰተኛው ምስክር እኔ ነኝ።

ገጹ እያለቀ ስለ ሆነ የማቀርበውን አሳብ በአጭሩ ልናገር። በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ የተማሪዎች ኅብረት የመምህራንን የደመወዝ ጥያቄ በጽሑፍ እንዲደግፍ፣ የመንግሥት ዩኒቨርስቲ መምህራን በማስታወቂያና በድርድር ሥራ ማቆም የሚችሉበት ሕግ እንዲወጣም አብሮ እንዲጠይቅ አሳብ አቀርባለሁ። ድጋፉ ግን በነጻ አይሆንም። የመምህራን ማኅበር በበኩሉ ያልተሰጠው ሰዓት መቼ እንደሚካካስ ሥራ በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲለጥፍ፣ የታረመ ወረቀት እንዳይያዝ፣ ስለ ደመወዝ በሚደረገው ውይይት ላይም የተማሪ ተወካይ ገብቶ እንዲሰማ ይፈርምልን። ለአድማ ቀን ከመምህራን የሚቈረጥ ደመወዝ ካለ ደግሞ ወደ ግምጃ ቤት እንዳይመለስና ለማካካሻው ትምህርት እንዲውል እንጠይቅ፤ አለዚያ መንግሥት በአድማው የሚያተርፍ ብቸኛ ወገን ይሆናል። «ኅብረቱ በመምህር ኪስ ምን አገባው?» የሚል ተቃዋሚ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፤ ባለፈው ጊዜም ተነሥቷል፤ ይምጣና ይከራከረኝ።

እስከዚያው በያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰው ሰዓቱን ይቍጠር። ቀን፣ የትምህርቱ ስም፣ የገቡበት ደቂቃ፣ የወጡበት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስድብም አስተያየትም አይጨመርበት። የኔን ሠንጠረዥ አይቶ መገልበጥ የሚፈልግ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ያገኘኛል። የመምህሩ ስም የተጻፈበትን ጥግ ቀድጄዋለሁ።